ሙሴ መኪናቸውን ልሽጥልህ አሉኝ፤ ልግዛ?

የደረሰን ደብዳቤ (አሳጥረነዋል)

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሊዮን አካባቢ ነው፤ ሥራዬ ሹፌርነት ነው። ጎረቤታችን አንድ የ84 ዓመት ፈረንሳዊ ሽማግሌ ናቸው። እኔና ባለቤቴ ‹ሙሴ› ነው የምንላቸው። ሣራቸውን አጭድላቸዋለሁ፣ ሐኪም ቤት አደርሳቸዋለሁ። ባለፈው ወር ጋራዣቸውን ከፍተው አንድ ጥቁር መኪና አሳዩኝ። የ1938 ሆችኪስ ነው፣ 686 ይሉታል፣ ባለ አራት በር። ፊቱ ላይ ሁለት የተጣመሩ መድፎች አሉበት። አባታቸው ከጦርነቱ በፊት የገዙት ነው። ‹ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል፤ ለማላውቀው ሰው ከምሸጠው አንተ በ22,000 ዩሮ ውሰደው› አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ለቤት መግዣ ያጠራቀምነው 30,000 ዩሮ አለን። አዲስ አበባ ልኬው ከወንድሜ ጋር ለሙሽራ ብናከራየው ብሩን ይመልሳል ብዬ አስባለሁ። ባለቤቴ ግን ‹ቤታችንን ለአሮጌ ቆርቆሮ!› ብላ አኩርፋለች። ሙሴ ሁለት ልጆች አሏቸው፣ ፓሪስ ናቸው፣ እኔ አላውቃቸውም። ምን ይመክሩኛል?»
— ሹፌሩ፣ ከሊዮን

ወንድሜ፣ በእንቅልፍ ማጣትህ አልስቅም። እኔም እዚሁ ፈረንሳይ አሮጌ መኪና የሚጠገንበት ጋራዥ ውስጥ እጄን ግራሶ ሳስነካ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ እንደነዚህ ያሉ መኪኖች ኮፈናቸው ሲከፈት ሰው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። የአዲስ አበባውን ሐሳብ ግን አሁኑኑ እንገላገለው። እርሳው።

ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው የሚፈቀደው። ያንተው የሚጠጣው ቤንዚን ነው፣ ያውም በመቶ ኪሎ ሜትር 15 ሊትርና ከዚያም በላይ። «ቅርስ ነው ብለን እናስፈቅዳለን» የሚል ዘመድ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ያ ዘመድ ግን መኪናው ወደብ ላይ ቆሞ ሲቆጥር ኪራዩን አይከፍልልህም። ይግባ ብንል እንኳን፣ የዚያ ዘመን ሆችኪስ ፍሬን እንደዛሬው በዘይት የሚሠራ አይደለም፤ በሽቦና በዘንግ የሚጎተት ነው። ሙሽራና አራት ሚዜ ጭኖ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ሲወርድ አስበው። እኔ ማሰብ አልፈልግም።

ወደ መኪናው እንምጣ፣ እሱ ላይ ትንሽ ብቆይ አትቆጣኝ።

መድፎቹን የጠቀስካቸው እንዲሁ አይመስለኝም። ደብዳቤህን ሳነብ እኔም ልቤ ወዲያው እዚያ ነው የሄደው። ቤንጃሚን ሆችኪስ አሜሪካዊ የጦር መሣሪያ ሠሪ ነበር፣ በ1867 ወደ ፈረንሳይ መጣና ፓሪስ አፍንጫ ሥር ሴን ደኒ ላይ ፋብሪካ ተከለ። እሱ ራሱ በ1885 ሞቷል፤ ኩባንያው መኪና መሥራት የጀመረው በ1903 ነው፣ የድሮ ሙያውን ግን ከመኪናው ፊት ላይ አላነሳም። ዓድዋ ላይ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 በእኛ አቆጣጠር፣ ምኒልክ ካሰለፏቸው መድፎች መካከል የዚሁ የሆችኪስ ፈጣን ተኳሾች ነበሩበት። አዎ፣ ያው ቤት ነው። ፈረንሳዮቹ «ኦችኪስ» ነው የሚሉት፣ ሙሴ ጋ ቡና ስትጠጡ አንሳላቸው፣ ደስ ይላቸዋል። ዋጋው ላይ ግን ይህ ታሪክ አምስት ሳንቲም አይጨምርም፤ አንተም እንዳትጨምርበት።

ዋጋ ካነሳን፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ከጦርነቱ በፊት የነበረ የፈረንሳይ የቅንጦት መኪና ሲባል ጓደኞችህ ስልካቸውን አውጥተው በሚሊዮን ዩሮ የተሸጠ ነገር ያሳዩሃል። እነዚያ ሌላ ናቸው። ደላኸ፣ ደላዥ፣ ታልቦ፣ ቡጋቲ የመሳሰሉት ብዙ ጊዜ ሻንሲና ሞተር ብቻ ሆነው ይሸጡ ነበር። ገዢው ጨርቅ ገዝቶ ልብስ ሰፊ ጋ እንደሚሄድ ሰው ሻንሲውን ይዞ ገላ ሠሪ ጋ ይሄዳል። ፊጎኒ ኤ ፋላስኪ፣ ሻፕሮን፣ ሳውቺክ የሚባሉት እነዚያ ልብስ ሰፊዎች ናቸው። አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፣ ዛሬ እሳት የሆኑትም ለዚያ ነው። ሆችኪስ ደግሞ አብዛኛውን ገላ እዚያው ፋብሪካው ውስጥ ይሠራ ነበር። ደንበኛው ሐኪሙ፣ ውል አዋዋዩ፣ የፋብሪካ ባለቤቱ ነው። ገንዘብ አለው፣ ግን መንገድ ላይ መጮህ አይፈልግም። ኩባንያው ራሱ መፈክሩ «ልኩ መሐሉ ነው» እንደማለት ነበር። ይሁን እንጂ ለስላሳ መስሎ አያታልልህ፤ የሞንቴ ካርሎን ራሊ በ1932፣ በ1933ና በ1934 በተከታታይ ወስዷል፣ በ1939 ከደላኸ ጋር እኩል ወጥቷል፣ ከጦርነቱ በኋላም በ1949ና በ1950 ደግሞታል። በክረምት፣ በበረዶ፣ ከአውሮፓ ዳር ዳር ተነስቶ ሞናኮ ድረስ መንዳት ነው ውድድሩ። እኔ በግሌ፣ ምርጫ ቢሰጠኝ፣ በሐር ከተሸፈነው ደላዥ ይልቅ ሆችኪሱን ይዤ ነው የምሄደው። የሰው ዓይን የማይገባበትን ነገር ስለምወድ ይሆናል።

ስለዚህ 22,000 ዩሮ ምንድን ነው? በደህና የሚነሳ፣ ወረቀቱ ያልተጓደለ፣ ገላው ያልበሰበሰ ባለ አራት በር 686 ከሆነ፣ ዝርፊያም አይደለም ስጦታም አይደለም። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ውድ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ከጎደለ ግን ሙሴን አመስግነህ ሣራቸውን ማጨድህን ቀጥል።

አሁን ከመኪናው በላይ ያስጨነቀኝን ልንገርህ። «ሁለት ልጆች አሏቸው፣ አላውቃቸውም» ብለህ በአንድ መስመር አለፍካት። እኔ ደብዳቤህ ውስጥ ቀይ መብራት ያየሁት እዚያች መስመር ላይ ነው።

ነገሩን ከፓሪስ ሆነህ እየው። አባትህ 84 ዓመታቸው ነው፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። አንድ ቀን ስልክ ትደውላለህ፣ አያትህ የገዙት መኪና የለም። ሣር የሚያጭድላቸው ጎረቤት ወስዶታል። በስንት? መልሱ ምንም ይሁን ምን መጀመሪያ የሚመጣልህን አንተ ታውቀዋለህ፣ እኔም አውቀዋለሁ፤ ጎረቤቱ ጥቁር ሲሆን ደግሞ ያ ሐሳብ ፈጥኖ ይመጣል። እዚህ አገር የደከመን ሰው ድካም መጠቀም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ እስር ያለበት። ሁለት ልጆች ያሉት ሰው ደግሞ ከንብረቱ ሁለት ሦስተኛው በሕግ ለልጆቹ የተጠበቀ ነው። ዋጋው ከገበያው በጣም ዝቅ ካለ «ሽያጭ ሳይሆን የተደበቀ ስጦታ ነው» ሊባል ይችላል። ዝምድና በሌላቸው ሰዎች መካከል የሚሰጥ ስጦታ ላይ ያለው ግብር 60 በመቶ መሆኑን ስነግርህ ርካሽ ዋጋ ለምን እንደሚያስፈራኝ ይገባሃል። አንተ ንጹሕ ሰው ነህ፣ ከጽሑፍህ ያስታውቃል። ንጽሕናህን ግን ዛሬ፣ እሳቸው በሕይወት እያሉና በአፋቸው እየተናገሩ ነው ማስመስከር ያለብህ።

አገራችን መሬት ሲሸጥ ምን ይደረጋል? ልጆች ይጠራሉ፣ እማኝ ይቀመጣል። እንደዚያው አድርግ። ሙሴን እንዲህ በላቸው፦ «መኪናው የአባትዎ ነው፣ ልጆችዎ ሳይሰሙ አልነካውም። ሲመጡ እኔም ልምጣ፣ አብረን እናውራ።» ቅር አይላቸውም። ቅር ካላቸው ደግሞ ከልጆቻቸው ጋር ያላቸው ነገር ጥሩ አይደለም ማለት ነው፣ እሱ ውስጥ እንድትገባ አልፈልግም። ልጆቹ ሲመጡ አንዱ «እኔ ነኝ የምወስደው» ሊል ይችላል። ይበል። ከዓመት በኋላ በጠበቃ ደብዳቤ ከሚልህ ዛሬ በአፉ ቢልህ ይሻላል።

ካርት ግሪዙንም ጠይቅ፣ የእኛ ሊብሬ መሆኑ ነው። በማን ስም ነው? እንዲህ ከአባት ለልጅ የተላለፉ መኪኖች ወረቀታቸው የሞተው አባት ስም ላይ ቀርቶ ይገኛል። እንደዚያ ከሆነ ሙሴ ራሳቸው ገና ሊሸጡት አይችሉም፣ ውርሱ መጀመሪያ ይጣራል፤ ወንድም ወይም እህት ካላቸው ነገሩ ይረዝማል። ስሙ የሳቸው ከሆነ ቀሪው ቀላል ነው። እዳም እገዳም እንደሌለበት የሚያሳየውን ወረቀት ያወጣሉ፣ ከ15 ቀን ያልበለጠው መሆን አለበት፣ የሽያጭ ቅጹን ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ፣ ብሩ በባንክ ይሄዳል። ቀብድ ብለህ በእጅ ምንም እንዳትሰጥ። መኪናው ከ30 ዓመት በላይ ስለሆነው፣ ከታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ምስክር ወረቀት አምጥተህ የቅርስ መኪና ካርት ግሪዝ ማውጣት ትችላለህ። ከ1960 በፊት የተሠራ መኪና በዚያ ካርት ግሪዝ የቴክኒክ ምርመራ አይጠየቅም። ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። እኔን አይለኝም፤ ፍሬኑን የሚያይልህ መንግሥት የለም ማለት ነው፣ ማየት ያለብህ አንተ ነህ።

እንዴት ታየዋለህ? አንድ የራሴን ጥፋት ልንገርህ፣ ከዚያ ትማራለህ።

እዚህ አገር በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት ከአንድ ሰው አሮጌ መኪና ገዛሁ፣ ስሙን ተወው። ስደርስ ሞተሩ ሞቆ ጠበቀኝ፣ ሰውየው «እንዳትቸገር ብዬ አስነሳሁልህ» አለኝ። ደግ ሰው ነው፣ ቀናኝ ብዬ ደስ አለኝ። አንድ ዙር ነዳሁት፣ እንደ ስፌት ሲንገር ነው ድምፁ። ከፍዬ ወደ ቤት ስነዳ አርባ ደቂቃ ሳይሞላ ውሃው ፈላ። ቴስታታው፣ የሞተሩ ክዳን ነው ብዬ ማሸጊያውን ጓርኒሲዮን ቀየርኩ፣ ፈላ። ራዲያተሩን አስጠረግሁ፣ ፈላ። መጨረሻ ላይ ሞተሩን ሳጥበው ጎኑ ላይ ከቀለም ሥር የብየዳ መስመር አየሁ። አንድ ክረምት ውሃው ሳይራገፍ ቀርቶ በረዶ ሆኖ ብሎኩን ሰንጥቆታል። እኛ አዲስ አበባ ሙያ ስንማር ውሃ ብረት ይሰነጥቃል ብሎ ያስተማረን የለም፣ ራዲያተሩን ሞልተህ ነው የምትተኛው። እዚህ ግን አሮጌ ሞተር ስታይ መጀመሪያ የምትፈልገው ያንን መስመር ነው። ፓውዛ ይዘህ በሁለቱም ጎን ተመልከት። የዘይት መሙያውን ክፈትና ክዳኑ ሥር ማዮኔዝ የመሰለ ነገር ካለ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል።

ስለዚህ ሙሴ ጋ ስትሄድ ሳትነግራቸው በጠዋት ሂድ፣ ራዲያተሩን በእጅህ ንካ፣ ቀዝቃዛ ይሁን። ከቀዝቃዛ ሲነሳ እይ። ከዚያ አንድ ሰዓት ይሂድ፣ ሙቀቱ ላይ ሲደርስ የዘይት ግፊቱን ተመልከት፤ ቀዝቃዛ ሲሆን ሁሉም ሞተር ጎበዝ ነው። ታችኛው ማርሽ ሲንክሮ፣ ማርሽ ሳይጮህ እንዲገባ የሚረዳው ነገር፣ የለውም፤ ፍሪሲዮን ሁለቴ እየረገጥክ ነው የምታስገባው። አሮጌ ኤን ትሬ፣ የፊያቱን የጭነት መኪና፣ ነድተህ የምታውቅ ከሆንክ እግርህ አይረሳውም። ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ጎን ከጎተተ ማስተካከል ይቻላል፣ ብዙም አትደንግጥ።

ሞተር እኔን ብዙ አያስጨንቀኝም። የዚህ ሞተር ሥሪት ቀላልና ጠንካራ ነው፣ የባለቤቶቹም ክበብ አለ፣ ኩባንያው በ1954 ከደላኸ ጋር ተቀላቅሎ ብዙም ሳይቆይ መኪና መሥራት ቢያቆምም መለዋወጫ በእነዚህ ሰዎች በኩል ይገኛል፤ ያልተገኘውን ቶርኖ ቤት ያወጣዋል። የሚያደኸየው ገላው ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ገላ ቆርቆሮው ከላይ ይሁን እንጂ ውስጡ እንጨት ነበረው፣ እንጨቱ ከበሰበሰ በሮቹ ይወርዳሉ። በሩን ክፈትና ከጫፉ ይዘህ ወደ ላይ አንሳው። ከተነቃነቀ ማጠፊያው ነው፣ ምሰሶው አብሮ ከተነቃነቀ ግን ለአናጢ፣ ለባቲላሜራና ለቀለም የምታወጣው ብር መኪናውን መልሶ ይገዛዋል። ክሮሙ፣ የመብራቶቹ መስታወት፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት ሰዓቶች፣ የወንበሩ ጨርቅ፣ እያንዳንዱ ትንሽ ይመስላል። ጎማውንም ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አንብብ፣ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግርሃል። ገጽታው አዲስ የመሰለ የ25 ዓመት ጎማ በፍጥነት መንገድ ላይ ይፈነዳል። የነዳጁን ነገር ሙሴ ያውቁታል፣ ግን ልንገርህ፣ አስር በመቶ አልኮል ያለበትን ቤንዚን አትቅዳለት፣ የድሮውን የጎማ ቱቦ ይበላዋል።

የሁለታችሁም ወገን ያልሆነ ኤክስፐርት ጠርተህ ዋጋውን በወረቀት ያስቀምጥልህ። ጥቂት መቶ ዩሮ ነው። ኢንሹራንሱም ይጠይቅሃል፣ ልጆቹም ፊት የምታስቀምጠው እሱን ነው።

አሁን ወደ ቤትህ። ባለቤትህ «አሮጌ ቆርቆሮ» ያለችው ተሳስታለች፣ «ቤታችንን» ያለችው ግን ልክ ናት። 30,000 ውስጥ 22,000 ስታወጣ የሚቀርህ 8,000 ነው፣ ያም ቢሆን ለጎማ፣ ለኢንሹራንስና ለመጀመሪያው ብልሽት እንጂ ለቤት አይሆንም። በዚያ ላይ ጋራዥ አለህ? ደብዳቤህ ውስጥ የለም። መንገድ ላይ የሚያድር የ1938 መኪና በሁለት ክረምት ያልቃል፣ የቅርስ መኪና ኢንሹራንስም አብዛኛው ዝግ ጋራዥ ይጠይቃል። እዚሁ ፈረንሳይ ለሙሽራ ላከራየው ብትል ደግሞ ተራው የቅርስ ኢንሹራንስ ለግል መዝናኛ ስለሆነ በክፍያ የምትጭነውን ሰው አይሸፍንም፣ ሌላ ውል ትፈልጋለህ። በቤት ብር አትግዛው። ይህን በግልጽ ነው የምልህ። እሷንም ይቅርታ ጠይቃት፣ ሳታማክራት ለወንድምህ እንደደወልክ ገምቻለሁ፣ ተሳስቼ ከሆነ አንተ ይቅር በለኝ።

ግን ደብዳቤህን ደግሜ ሳየው ሙሴ «ሽጬው ልገላገል» አላሉህም። «ለማላውቀው ሰው ከምሸጠው» ነው ያሉህ፣ ጉልበታቸው እምቢ ስላለ። ብር የቸገራቸው ሰው እንዲህ አይናገርም። ብር የቸገረው ሰው ፓሪስ በየዓመቱ ክረምት ላይ የሚከፈተው የአሮጌ መኪኖች ትርዒት፣ ሬትሮሞቢል፣ አለለት፣ ሐራጅ አለለት። እኔ እንደሚመስለኝ ሙሴ ያጡት ሹፌር ነው። አባታቸው ሲነዱት ከኋላ ተቀምጠው ያደጉበት መኪና ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ጎማው ሲተነፍስ ማየት አቅቷቸዋል። አንተ ደግሞ ሹፌር ነህ።

እንዲህ በላቸው፦ «አሁን የምገዛበት ብር የለኝም፣ ያለኝ የቤት ነው። ግን በኢንሹራንሱ ላይ ስሜን ያስገቡልኝና እስከ መስከረም በየእሑዱ ይዤዎት ልውጣ።» ቤንዚኑን እሳቸው ይቻሉ፣ አጠባውንና ግራሶውን አንተ ቻል። ባለቤትህንም ከኋላ አስቀምጣት፣ የኋላው ወንበር ሰፊ ነው፣ እንዲያውም ከመኪናው ሁሉ ምርጡ ቦታ እሱ ነው፣ ተቀምጬበት አውቃለሁ። በአንድ በጋ ውስጥ ከቀዝቃዛ እንዴት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚያንጠባጥብ፣ ምን ያህል እንደሚጠጣ ሳትከፍል ታውቃለህ። ልጆቹም አባታቸውን እየነዳህ ሲያዩህ ማን እንደሆንክ ያውቃሉ። መስከረም ላይ አሁንም እንቅልፍ ከነሳህ፣ ያኔ በኤክስፐርቱ ዋጋ፣ ልጆቹ ባሉበት፣ በየዓመቱ እየተከፋፈለ የሚከፈል ውል መጠየቅ ነውር አይደለም። ሙሴ ራሳቸው ሊያነሱት ይችላሉ።

አንድ ነገር ግን ነገውኑ አድርግልኝ። የዚህ መኪና ቁጥር ስም ብቻ አይደለም። 686 ማለት ስድስት ሲሊንደር፣ የፒስተኑ ስፋት 86 ሚሊ ሜትር ማለት ነው፣ ሞተሩ ሦስት ሊትር ተኩል ይሆናል። 864 የሚባል ታናሽ ወንድም አለው፣ ከውጭ ሲያዩት የሚመሳሰል፣ ፒስተኑ ያው 86፣ ሲሊንደሩ ግን አራት፣ ዋጋውም እንደዚያው። ካርት ግሪዙ ላይ የግብር ፈረስ ጉልበቱን የሚያሳየውን መስመር ተመልከት፣ ለ686 20፣ ለ864 13 ነው የሚለው። ሙሴ ያታልሉሃል ማለቴ አይደለም፤ ሰው የአባቱን መኪና ሰማንያ ዓመት ሙሉ በስሕተት ሲጠራ አይቻለሁ። ወረቀቱ ቶሎ ካልተገኘ ኮፈኑን ክፈትና ካንዴላዎቹን ቁጠር፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ነው። ስንት እንደሆኑ ጻፍልኝ።